«ሊወደድ ነው አሉ»፦ የገበያ ወሬን እንደ መረጃ ሠራተኛ አጣርቶ መወሰን

እንበል ድሬዳዋ ውስጥ መጋላ በኩል የምግብ ሸቀጥ ሱቅ አላችሁ። ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ተኩል ቀርቷል። ጠዋት ታይዋን አካባቢ «ቴምር ጅቡቲ ላይ ተይዟል፣ ሊወደድ ነው አሉ» የሚል ወሬ ትሰማላችሁ። ማታ ከዚራ ስትሻገሩ ያው ወሬ «እጥፍ ሊገባ ነው» ሆኖ ይጠብቃችኋል። እጃችሁ ላይ መቶ ካርቶን የሚገዛ ብር አለ። ግማሹ የራሳችሁ፣ ግማሹ የእቁብ። ትገዛላችሁ ወይስ ትጠብቃላችሁ?

መንግሥታትም በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ የእነሱ ስለ ጦርና ስለ ድርድር ነው እንጂ። ለዚህ ብለው የስለላ ተቋም ያቋቁማሉ፣ ሳተላይት ያመጥቃሉ፣ ሰው ያሰማራሉ። የሥራው ዋና ክፍል ግን ደብተር፣ ስልክና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። እሱን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። ቴምሩን በስኳር፣ በሲሚንቶ ወይም በሱቅ ኪራይ ቀይራችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ።

ድንበሩን አስቀድመን እናስምር። ሰነድ ለማግኘት ጉቦ መስጠት፣ የሰው ስልክ መበርበር፣ የተፎካካሪን ሠራተኛ በገንዘብ ማናገር የለም። አያስፈልግም ደግሞ። የስለላ ተቋማት ራሳቸው ከሚጠቀሙበት መረጃ ብዙው በአደባባይ ያለ ነው።

1. ከውሳኔው ጀምሩ

ብዙ ሰው ወሬ ሲሰማ ወዲያው ስልክ ያነሳል። «ቴምር እንዴት ነው?» ይላል። «ኧረ አቦ፣ አስቸጋሪ ነው» ይባላል። ስልኩ ይዘጋል። ምን ተገኘ? ምንም።

የመረጃ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው አለቃውን ነው። ምን ልትወስን ነው? እስከ መቼ? ምርጫዎችህ እነማን ናቸው? እናንተም ደብተር አውጡና እነዚህን ጻፉ፦

ውሳኔው፦ መቶ ካርቶን አሁን መግዛት፣ ወይም አርባ ገዝቶ መጠበቅ፣ ወይም ጭራሽ አለመግዛት።

ቀነ ገደቡ፦ እስከ መጪው ሐሙስ። ከዚያ በኋላ የእቁቡ ብር ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል።

ጥያቄው፦ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ድሬዳዋ ላይ የአንድ ካርቶን ቴምር የጅምላ ዋጋ ከዛሬው ቢያንስ በሲሶ ይጨምራል ወይ?

ሦስተኛው መስመር ላይ ጊዜ ውሰዱ። ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ መጠን አለው። «ቴምር ይወደዳል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው፤ ለረመዳን የማይወደድ ቴምር የለምና። የምትፈልጉት ብራችሁን ማሰር የሚያዋጣ ያህል ይወደዳል ወይ የሚለውን ነው። ጥያቄው በደንብ ከተጻፈ ደግሞ በኋላ ትክክል መሆን አለመሆናችሁን መለካት ትችላላችሁ።

2. ሳታውቁት ያመናችሁትን ጻፉ

ከመጠየቃችሁ በፊት በልባችሁ ያደረ እምነት አለ። «ጅምላ ሻጩ ዘመዴ ነው፣ አይዋሸኝም።» «ዕቃ ከባህር በኩል ከቀረ ሌላ መግቢያ የለውም።» እነዚህን ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ አጠገብ «ይህ ስህተት ቢሆንስ?» ብላችሁ ጻፉ።

በ1973 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ የግብፅ ጦር ወደ ስዊዝ ካናል ሲጠጋ አይቶ ነበር። ያላየው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን «ግብፅ እስራኤል ድረስ ገብተው የሚመቱ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሳታገኝ ጦርነት አትጀምርም» የሚል እምነት ሥር ሰዶ ነበር። ስለዚህ የታየው ሁሉ «ልምምድ ነው» ተባለ። ጥቅምት 6 ቀን ጦርነቱ ተጀመረ። መረጃው ነበር፤ እምነቱ ግን ዋጠው።

3. በዓይኑ ያየውን ሰው ፈልጉ

ስለ ቴምሩ ድሬ ላይ ማን ምን ሊያውቅ ይችላል? ለዕቃው ከሚቀርበው ጀምራችሁ ዘርዝሩ። ከጅቡቲ በድንበሯ ከተማ በደወሌ በኩል የሚመላለሰው ሾፌር አለ፤ ጭነቱን በዓይኑ ያያል። መጋዘን ላይ የሚያወርዱት ወዛደሮች አሉ፤ ምን እንደገባና ምን እንዳልገባ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቃቸው ግን ጥቂት ነው። የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር አለ። ጅምላ ሻጩ አለ፤ ብዙ ያውቃል፣ ግን ጥቅም አለው። ደላላውም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የቴሌግራም ግሩፕና የበርጫ ወሬ ነው። ጅግጅጋ ወይም ሐረር የሚነግድ ወዳጅ ካላችሁ ጨምሩት፤ እዚያ ያለው ዋጋ የእኛን ወሬ ያጣራል።

የበርጫውን ነገር ትንሽ ላንሳ። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታና ሱቁ ሲዘጋ፣ የከተማው ወሬ ሁሉ ፍራሽ ላይ ይሰበሰባል። ጥሩ የመረጃ ምንጭ ነው፤ ማንም አይክደውም። ግን በምርቃና ሰዓት የማይሆን ነገር የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም እርግጠኛ ነው። እዚያ የሰማችሁትን ጠዋት ሰውየው ቡና ሲጠጣ ድጋሚ ጠይቁት። ግማሹ ይቀንሳል።

አጠያየቅ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አለ። «መኪኖቹ ተይዘዋል አይደል?» ብላችሁ ሾፌሩን ብትጠይቁት «አዎ» ሊላችሁ ይችላል፤ ሰው ማሳፈር አይፈልግም። «መጨረሻ የወረድከው መቼ ነው? ምን ሲጫን አየህ? የት ቆማችሁ ነበር?» በሉት። ያየውን ያውራ፣ ግምቱን በኋላ ጠይቁት። አማርኛው እንደ ልቡ ካልሆነ በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ የሚያናግረው ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። ሰው በልቡ ቋንቋ ሲጠየቅ ዝርዝሩን ይናገራል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ጥያቄያችሁ ራሱ መረጃ መሆኑ ነው። በአንድ ቀን አሥር ሰው ስለ ቴምር ከጠየቃችሁ «እነ እገሌ ቴምር እየፈለጉ ነው» የሚል ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ጅምላ ሻጩ ጋ ይደርሳል። ዋጋውን የሰቀላችሁት ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ቴምርን ከሩዝ፣ ከዘይትና ከፓስታ መሀል አስገብታችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ጠያቂው ሰው አይብዛ።

4. ሰውየውንና ወሬውን ለየብቻ መዝኑ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ገንዘብ የሚጠፋው በብዛት እዚህ ነው።

ከእንግሊዝ ባህር ኃይል የመጣና ኔቶም የሚጠቀምበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። እያንዳንዱ መረጃ ሁለት ምልክት ይሰጠዋል፤ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር። ፊደሉ ስለ ነጋሪው ነው፣ ቁጥሩ ስለ ነገሩ። በእኛ ፊደል እናድርገው። «ሀ» ማለት እስከ ዛሬ አሳስቶን የማያውቅ ሰው ነው። «ለ» አብዛኛውን ጊዜ የሚታመን ነው። እንዲህ እየወረደ «ሠ» የማይታመን ሰው ይሆናል። «ረ» ለማናውቀው ሰው ነው፣ ልንመዝነው አንችልም። በቁጥሩ በኩል 1 ከሌላ ነፃ ምንጭ የተረጋገጠ ነው፣ 5 ሊሆን የማይመስል ነው፣ 6 ደግሞ ለመፍረድ የሚያስችል ነገር የሌለው።

ጥቅሙ ሁለቱን መለያየቱ ላይ ነው። የምታምኑት አጎታችሁ ከሰው ሰምቶ የነገራችሁ ነገር «ሀ 6» ሊሆን ይችላል። አጎታችሁ አይዋሹም፤ ያወሯቸው ሰውዬ ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። በተቃራኒው ወሬኛ የምትሉት ደላላ የተናገረውን ወዛደሩ በራሱ መንገድ ከደገመው «ሠ 1» ነው፤ ያዙት።

ነጋሪውን ስትመዝኑ ሁለት ነገር ጠይቁ። እንዴት አወቀ? ይህን ብናምነው ምን ያገኛል? ሁለተኛውን ጥያቄ የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቴሪ በደንብ አልጠየቀም። ከአድዋ በፊት ባሻ አውዓሎም ለጣሊያኖች የሚሰልል መስሎ ገባ። የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ አጥሮት ተበትኗል የሚለውን ወሬ አደረሳቸው። ባራቴሪ ራሱ ስንቅ እያለቀበት ነበር፤ ከሮም ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ይወተውተው ነበር። ሊሰማ የሚፈልገውን ሰማ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወሬው ከምኞታችሁ ጋር ልክክ ሲል ምልክቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት።

ሌላው ወጥመድ አንዱን ምንጭ ሦስት አድርጎ መቁጠር ነው። ስለ ኢራቅ ተንቀሳቃሽ የባዮሎጂ መሣሪያ ላቦራቶሪዎች ዓለም የሰማው በዋናነት «ከርቭቦል» የሚል የምስጢር ስም ከተሰጠው አንድ ኢራቃዊ ስደተኛ ነበር። ጀርመኖች ያናግሩታል፣ አሜሪካኖች የእነሱን ሪፖርት ይቀበላሉ። ወሬው ግን በየሪፖርቱ እየተደገመ ብዙ ሰው ያረጋገጠው መሰለ። የካቲት 5 ቀን 2003 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የተባበሩት መንግሥታት ፊት አቀረበው። ሰውየው በኋላ መዋሸቱን በራሱ አንደበት ተናገረ።

የቴምሩም ወሬ እንዲሁ ነው። ቴሌግራም ላይ አያችሁት፣ ጎረቤት ባለሱቅ ነገራችሁ፣ ደላላውም ደገመው። ሦስት ምንጭ ነው? ጎረቤታችሁን «ከየት ሰማህ?» በሉት። «ግሩፑ ላይ።» ደላላውንም ጠይቁት። «እነ እገሌ ግሩፑ ላይ አይተው ነገሩኝ።» አንድ ምንጭ ነው፣ እሱም «ረ 6»።

5. የሚፎካከሩ መልሶችን አሰልፉ፣ ከዚያ የማይሆነውን ጣሉ

ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ውስጥ የሠራው ሪቻርድስ ሄወር አንድ ጠቃሚ ልማድ አስተምሯል። ሰው የወደደውን መልስ ይይዝና ማስረጃ ይሰበስብለታል። ሄወር ግልብጡን ሥሩ ይላል፤ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ አሰልፉና የትኛው ማስረጃ የትኛውን እንደሚያፈርስ እዩ።

ለእኛ አራት መልስ አለ። አንደኛ፣ ዕቃው በእርግጥ አጥሯል። ሁለተኛ፣ ዕቃው ከተማ ውስጥ አለ፤ እስኪወደድ ደብቀውታል። ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር የለም፤ የየዓመቱ የረመዳን ጭማሪ ነው። አራተኛ፣ የቆየ ዕቃ የከመረ ሰው ማራገፍ ፈልጎ ወሬውን አስነስቷል።

አሁን የሰበሰባችሁትን አንድ በአንድ አምጡ። የችርቻሮ ዋጋ በዚህ ሳምንት ትንሽ ጨምሯል እንበል። ይህ ከአራቱም ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ምንም አይለይም፤ ሰው ግን ዋና ማስረጃ አድርጎ የሚያወራው እሱን ነው።

ሾፌሩ ባለፈው ሳምንት ጅቡቲ ላይ ሁለት መኪና የቴምር ካርቶን ሲጭን አይቷል፣ «ለ 2»። አንደኛውን መልስ ያዳክመዋል።

ጅምላ ሻጩ «ውሰድ፣ ግማሹን በዱቤ አደርግልሃለሁ» አላችሁ። ይህቺን በቀይ አስምሩባት። በሲሶ ሊወደድ ያለ ዕቃ በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴ የት አለ? አንደኛውንም ሁለተኛውንም በጣም ታዳክማለች።

ካርቶኑን ከፍታችሁ የምርት ቀኑን አያችሁ፤ ያለፈው ዓመት ነው። ወደ አራተኛው ያደላል። ደግሞም ይህን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም። ምንጊዜም ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉትን ነገር ከሰው አትጠይቁ።

ያሸነፈው ብዙ ደጋፊ ያለው ሳይሆን ጥቂት ተቃዋሚ ያለው መልስ ነው። እዚህ ላይ አራተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው። አንደኛው ግን አልሞተም፤ ሾፌሩ ያየው መጫኑን እንጂ መድረሱን አይደለም።

6. «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ወደ ቁጥር ቀይሩ

በ1951 የአሜሪካ ተንታኞች ዩጎዝላቪያ ልትጠቃ «የምር የሚያሰጋ ዕድል አለ» ብለው ጻፉ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሸርማን ኬንት ምን ማለታችሁ ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከመቶ 65 ያህል አለ። ከዚያ አብረውት የጻፉትን ባልደረቦቹን ጠየቀ። አንዱ 20 ይላል፣ ሌላው 80 ይላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተስማምተው ፈርመዋል፤ በልባቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቀዋል።

እኛ ደግሞ «ኢንሻአላህ»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ምናልባት» እንላለን። ለኑሮ ጥሩ ነው፤ ለመቶ ካርቶን ግን ቁጥር ያስፈልጋል። ማስረጃችንን አይተን ዋጋው በሲሶ የመጨመሩን ዕድል 25 ከመቶ እንበል። ልክ ይሁን አይሁን አሁን አይታወቅም። መጻፉ ግን ግድ ነው።

7. ሒሳቡን አስሉና ለሚወስነው ሰው አቅርቡ

ለማስላት ያህል ካርቶኑ 3,000 ብር ይሁን። ከተወደደ በካርቶን 1,000 ታተርፋላችሁ፣ በመቶ ካርቶን 100,000። ካልተወደደና ዕቃው ከጎረፈ በካርቶን 600 ትከስራላችሁ፣ 60,000። 60ን ለ160 አካፍሉ፤ 37.5 ከመቶ ይመጣል። የመወደዱ ዕድል ከዚህ በላይ ከሆነ መግዛት ያዋጣል፣ ከዚህ በታች ከሆነ አያዋጣም። የእኛ 25 ነው። በአማካይ 20,000 ብር ኪሳራ ማለት ነው።

ይህቺ 37.5 ሌላም ጥቅም አላት። መጠየቅ መቼ እንደምታቆሙ ትነግራችኋለች። ግምታችሁን ከ25 ወደ 30 የሚያነሳ ወሬ ውሳኔውን አይቀይርም፤ አትድከሙበት። ውሳኔውን የሚገለብጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚያ ሁለት መኪኖች ደወሌን አልፈዋል ወይስ ቆመዋል? የቀረውን የስልክ ካርድ እሱ ላይ ጨርሱት።

ሒሳብ ሁሉን አይናገርም። ግማሹ ብር የእቁብ ነው፤ 60,000 መክሰር ከእቁብ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ያጋጫል። በሌላ በኩል በረመዳን ቴምር የሌለው ሱቅ ደንበኛ ያጣል። ስለዚህ አርባ ካርቶን፣ ያውም አዲስ ምርት መርጦ መግዛት እንደ እኔ የተሻለ ነው።

ወሳኙ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ ሱቁ የአባታችሁ ከሆነ፣ መደምደሚያውን አስቀድሙ። «አባዬ፣ መቶውን አንግዛ፣ አርባ ይበቃናል። በሲሶ የመጨመር ዕድሉ ከአራት አንድ ነው ብዬ አስባለሁ። ዋናው ምክንያቴ ሻጩ በዱቤ መለመኑ ነው። የማላውቀው መኪኖቹ ድንበር ማለፋቸውን ነው።» አለቀ። ማን ምን እንዳለ ከጠየቁ ብቻ ደብተሩን ክፈቱ። እሳቸው «እኔ ግን ይወደዳል ብዬ አምናለሁ» ቢሉ ቁጥራችሁን ለማስደሰት አትቀይሩ። መወሰን የእሳቸው ነው፣ ያያችሁትን በትክክል መናገር የእናንተ።

8. ሐሳብ የሚያስቀይረውን ምልክት አስቀድማችሁ ጻፉ

ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ እዩት። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ወርዶ ሊሞላው ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ምንጩ ደጋው ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ነበር። ለደቻቱ ጎረቤት የሚጠቅመው ምልክት ከራሱ ጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ አይደለም፣ ከተራራው ማዶ ያለው ነው። አንድ ሰው እዚያ ሆኖ መደወል አለበት፤ የሚደወልለትም ስልኩ ሲጮህ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ለቴምሩም እንዲሁ ሦስት ምልክት ጻፉ። እስከ ሰኞ መኪኖቹ ካልገቡ። ጅምላ ሻጩ ዱቤውን ካቆመ። የጅግጅጋና የሐረር ነጋዴዎች ድሬ መጥተው መግዛት ከጀመሩ። ከሦስቱ ሁለቱ ከታዩ የቀረውን ስልሳ ካርቶን ግዙ። አንድ ብቻ ከታየ ዝም በሉ። ይህን አሁን፣ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት ጻፉት። ገበያው ሲግለበለብ የሚጻፍ ነገር አይታመንም።

ከኢድ በኋላ ደብተሩን አውጡና የመጀመሪያውን ጥያቄ መልሱ። ዋጋው በሲሶ ጨመረ ወይስ አልጨመረም? ከዚያ በየነጋሪው ስም አጠገብ ያለውን ፊደል አስተካክሉ። ሾፌሩ ያለው ሆኖ ከተገኘ ከ«ለ» ወደ «ሀ» ይውጣ። የቴሌግራም ግሩፑም ከ«ረ» ይነሳና የሚገባውን ያግኝ። ስኳር ሊወደድ ነው የተባለ ቀን ከዚያው ገጽ ትጀምራላችሁ።